የብሎግ ቆጣሪ ፕለጊኖች፦ ሸክሙ በማን ላይ ያርፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሐዋሳ ብሎግ የሚጽፉ አንባቢዎቻችን የላኩልንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ሁሉም ዎርድፕረስ በተባለው የብሎግ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው፤ የሚያሳስባቸውም የጎብኚ ቆጣሪ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ ተጭኖ ጎብኚ የሚቆጥር ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ «ስለ ሐዋሳ ሆቴሎች፣ ዓሣ ቤቶችና የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። አንባቢዎቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም በስልክ ነው የሚገቡት። ሳይት ኪት፣ ሞንስተርኢንሳይትስ፣ ጄትፓክ፣ ማቶሞ፣ ደብሊውፒ ስታቲስቲክስ፣ ኮኮ አናሊቲክስ የሚባሉ ፕለጊኖች እንዳሉ አይቻለሁ። ብሎጌን የማያዘገየው የትኛው ነው? እኔ ራሴስ እንዴት አወዳድሬ ላረጋግጥ?» (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቆጣሪ ፕለጊን ሸክሙን የሚጭነው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ የአንባቢው ስልክ፣ ሌላው እርስዎ የተከራዩት ሆስቲንግ፣ ማለትም ብሎግዎ የተቀመጠበት ሰርቨር። በአንዱ በኩል የቀለለው በሌላው በኩል ሊከብድ ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ ማየት ግድ ይላል። ብዙ ሰው የገጽ ፍጥነት በሚለካው የጉግል ድረ ገጽ፣ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ፣ ላይ ባገኘው ነጥብ ብቻ ይፈርዳል። ያ ነጥብ ግን ቆጠራው ሰርቨሩ ላይ የሚያደርሰውን ጫና አያሳይም።

ከጉግል ወገን እንጀምር። ሳይት ኪትም ሆነ ሞንስተርኢንሳይትስ ገጽዎ ላይ የሚያስገቡት ያንኑ የጉግል አናሊቲክስ 4 ስክሪፕት (ብሮውዘሩ አውርዶ የሚያስኬደው ኮድ) ነው። ሞንስተርኢንሳይትስ የሊንክ ጠቅታንና የፋይል ማውረድን የሚከታተል የራሱን ትንሽ ስክሪፕት ይጨምራል፤ ሳይት ኪት ደግሞ ብሎግዎ በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደተገኘ የሚናገረውን የሰርች ኮንሶልን ሪፖርት አብሮ ያሳያል። ከዚህ ውጭ ቆጠራው አንድ ስለሆነ ከሁለቱ የቱ ይፈጥናል ብሎ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ክብደቱ ያለው ከጉግል የሚመጣው ስክሪፕት ላይ ነው፤ ተጨምቆ እንኳ ከ100 ኪሎባይት በላይ ይመዝናል። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚጠቀምበት ላይትሃውስ የተባለው መለኪያ የስልክ ፍተሻውን የሚያካሂደው መስመሩ በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት ያስተላልፋል ብሎ ነው፤ በዚያ ፍጥነት 100 ኪሎባይት ለብቻው ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ስክሪፕቱ ከገጹ ጎን ለጎን ስለሚወርድ ጽሑፉ እንዳይታይ አያግድም። ሆኖም ከፎቶዎችዎ ጋር መስመር ይሻማል፣ ከወረደ በኋላም የስልኩ ፕሮሰሰር አንብቦ ሊያስኬደው ይገባል። አቅሙ ዝቅ ያለ አንድሮይድ ስልክ ላይ ገጹ ታይቶ ሳለ ሜኑው ሲነካ ዘግይቶ የሚከፈትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚወጣውም ከአንባቢው የዳታ ፓኬጅ ነው፤ ስክሪፕቱ 1,000 ጊዜ ከወረደ ቢያንስ 100 ሜጋባይት ከአንባቢዎችዎ ኪስ ሄደ ማለት ነው። በአንጻሩ ቆጠራውና ሪፖርቱ በጉግል ሰርቨር ላይ ስለሚከናወን የእርስዎ ሆስቲንግ ምንም አይሰማውም።

የጄትፓክ ስታትስ ስክሪፕት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፤ የሚቆጥረውም የዎርድፕረስ ዶት ኮም ሰርቨር ነው። ችግሩ ጄትፓክ ራሱ የብዙ ነገሮች ጥቅል መሆኑ ነው። ከስታትስ በስተቀር የማይጠቀሙባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ ካላጠፉ ሌላ ስክሪፕትና የዲዛይን ፋይል ይዘው ይመጣሉ። በተጨማሪ ነጻ የሆነው ለግል፣ ገቢ ለማያስገኝ ብሎግ ነው። የሆቴል ማስታወቂያ ከተቀበሉ ክፍያ ውስጥ ይገባሉ፤ ክፍያው ደግሞ በዶላር ካርድ ነው።

ማቶሞ፣ በፊት ፒዊክ ይባል የነበረው፣ ከሁሉም የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል። መረጃው በራስዎ ዳታቤዝ (ሆስቲንጉ ላይ ባለው የብሎጉ መረጃ ማከማቻ) ውስጥ ይቀመጣል፤ ስክሪፕቱም ከጉግል በእጅጉ ይቀልላል፣ ተጨምቆ ወደ 20 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ሰርቨሩ ነው። እያንዳንዱን ጉብኝት ከነእርምጃው ይመዘግባል፣ ከዚያም ሪፖርት ለማዘጋጀት ያን ጥሬ መዝገብ በየጊዜው ይደምራል። ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ይህ ድመራ ለፒኤችፒ (ዎርድፕረስ ለተሠራበት ቋንቋ) የተፈቀደውን ሜሞሪ ይጨርስና መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ሪፖርቱ የትናንቱን ዜሮ አድርጎ ቢያሳይዎ መጀመሪያ የሚመረመረው እዚህ ጋ ነው። ማቶሞ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ቪፒኤስ (አቅሙ ለብቻው የተመደበ ሰርቨር) ላልተከራየ ሰው አንመክረውም።

ደብሊውፒ ስታቲስቲክስም በራስዎ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል። ስልክ ላይ ቀላል ነው፣ ሪፖርቱም ለጀማሪ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ገጾችዎ በካሽ ፕለጊን (የተሠራን ገጽ አስቀምጦ ደጋግሞ በሚያቀርብ ፕሮግራም) ተቀምጠው የሚቀርቡ ቢሆኑም እንኳ የቆጠራው ጥያቄ ካሹን አልፎ ራሱ ዎርድፕረስ ጋ ይደርሳል፤ ለአንዲት ቁጥር ብሎ ዎርድፕረስ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። በተራ ቀን ይህ አይታወቅም። አንድ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ሊንክዎን የለጠፈ ቀን ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብዙ መቶ ሰው ይገባል፤ ገጹን ካሹ በቀላሉ ሲያቀርብ ቆጠራው ሆስቲንጉን ያጨናንቀዋል፣ በብዙ የጋራ ሆስቲንግ ላይ 508 የሚል የአቅም ገደብ መልእክት ይመጣል። ባለቤቱ ካሹ አልሠራ ብሎ ነው ብሎ ያስባል። ካሹ ሥራውን ሠርቷል፤ ያነቀው ቆጣሪው ነው።

ኮኮ አናሊቲክስ ይህንን በደንብ አስቦበታል። ስክሪፕቱ 1 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ጉብኝቱን በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ አይጽፍም፤ መጀመሪያ አንድ ፋይል ላይ መስመር ይጨምራል፣ ከዚያ በየደቂቃው ደምሮ ድምሩን ብቻ ያስገባል። ሆስቲንጉ ከፈቀደለት ደግሞ ዎርድፕረስን ሳያነሣ የሚቆጥር ለብቻው የሆነ ትንሽ ፋይል ዋናው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ማቶሞ ድግስ ቤት በር ላይ የእያንዳንዱን እንግዳ ስምና ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ኮኮ ሰው በገባ ቁጥር ጠጠር የሚጥል ነው። ስለዚህ የሚነግርዎም ያንኑ ያህል ነው፤ የትኛው ገጽ በየትኛው ቀን ስንት ጊዜ ታየ፣ ከየትኛው ድረ ገጽ መጡ። አንድ አንባቢ ከየትኛው ገጽ ወደየትኛው እንደተሻገረ ማወቅ ከፈለጉ ኮኮ አይበቃዎትም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሁሌም አንድ ገጽ ብቻ ይምረጡ፤ ፎቶም ጽሑፍም ያለበት፣ አንባቢ የሚበዛበት ጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉንም ቆጣሪዎች ያጥፉና ካሹን ያጽዱ። ከዚያ ገጹን በኮምፒውተር ላይ በክሮም ኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱት። ይህን አይለፉት፦ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ሎግኢን ያደረገን ባለቤት እንዳይቆጥሩ ተደርገው ይስተካከላሉ፣ አንዳንዶቹም ስክሪፕቱን ጭራሽ አይጭኑለትም። ሎግኢን አድርገው ከለኩ ባልተጫነ ነገር ላይ ነው የሚፈርዱት።

ኤፍ 12 ይጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፣ የብሮውዘሩን ካሽ የሚያጠፋውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፣ ፍጥነቱን ወደ ቀርፋፋ 4ጂ ያውርዱና ገጹን እንደገና ይጫኑ። ከታች በኩል የጥያቄዎቹ ብዛትና የተላለፈው ኪሎባይት ይታያል፤ ይጻፉት። ቀጥሎ ያንኑ አድራሻ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይ በሞባይል 5 ጊዜ ያስፈትሹ፣ በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፣ ውጤቶቹን በቅደም ተከተል ደርድረው መካከለኛውን ይውሰዱ። አማካይ አይውሰዱ፤ አንድ መጥፎ ውጤት አማካዩን ይጎትተዋል። የሚያዩት ትልቁን ነጥብ ሳይሆን ሁለት መስመሮችን ነው፦ ትልቁ የገጹ ክፍል የታየበት ሰዓት (ላርጀስት ኮንተንትፉል ፔይንት) ከ2.5 ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ፕሮሰሰሩ የታገደበት ጠቅላላ ጊዜ (ቶታል ብሎኪንግ ታይም) ደግሞ ከ200 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ። ቆጣሪ ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ የሚነካው ሁለተኛውን ነው።

ከዚያ አንድ ቆጣሪ ብቻ ይጫኑና ሁሉንም ይድገሙ። ቀጣዩን ከመጫንዎ በፊት የመጀመሪያውን ያጥፉ። በ5ቱ ፍተሻዎች መካከል ራሱ 10 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ በሁለት ፕለጊኖች መካከል የታየ 3 ነጥብ ልዩነት ልዩነት አይባልም።

ለሰርቨሩ ወገን ኩዌሪ ሞኒተር የሚባለውን ነጻ ፕለጊን ለጊዜው ይጫኑ። ካሽ ሳይኖር ገጹ ስንት የዳታቤዝ ጥያቄ እንዳቀረበና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ በየፕለጊኑ ከፋፍሎ ያሳያል። ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ራሱ ሸክም ነው። ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ያለውን የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ግራፍም ቆጣሪው ከመጫኑ በፊትና በኋላ ለአንድ አንድ ሳምንት ይዩት፤ ዳታቤዝ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በፒኤችፒማይአድሚን፣ የዳታቤዙን መጠን በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ መዝግበው ያስተያዩት።

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። በቀን ጥቂት መቶ አንባቢ ላለው፣ በጋራ ሆስቲንግ ላይ ላለና አንባቢው በሞባይል ዳታ ለሚገባ ብሎግ ኮኮ አናሊቲክስን ይጫኑ፣ ከጎኑ ሰርች ኮንሶልን ያስመዝግቡ። ሰርች ኮንሶል ገጹ ላይ ምንም ስክሪፕት አይጭንም፤ ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው እንዳገኙዎ እስከ 16 ወር ወደኋላ ያሳያል። ጉግል አናሊቲክስ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ የሚሰጥዎ ሆቴል ሪፖርቱን ከጠየቀ፣ ወይም የስልክ ቁጥሩን ስንት ሰው ነካ የሚለውን መለካት ከፈለጉ ነው። ያኔ ሳይት ኪት ይበቃል።

ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር፦ ከካሜራ በቀጥታ የወጣና 2 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ የዓሣ ጥብስ ፎቶ የጉግልን ስክሪፕት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ፎቶዎቹ ካልተስተካከሉ የቆጣሪ ምርጫ ብቻውን ብሎግዎን አያፈጥነውም።

ጥያቄ፦ «የአንድ ቀን ጎብኚ ጉግል አናሊቲክስ 140፣ ደብሊውፒ ስታቲስቲክስ 310፣ ሆስቲንጉ ላይ ያለው ኤደብሊውስታትስ ደግሞ 1,900 ይሉኛል። የትኛውን ልመን?» (ከአቶቴ)

መልስ፦ ሦስቱም የቆጠሩት የተለያየ ነገር ነው።

ኤደብሊውስታትስ የሚያነበው የሰርቨሩን መዝገብ ነው። ከሰርቨሩ የተጠየቀው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፤ የፍለጋ ሮቦቶች፣ የይለፍ ቃል ለመገመት የሚሞክሩ ፕሮግራሞች፣ ሊንክ ሲለጠፍ ቅድመ እይታ ለማዘጋጀት የሚመጣው የቴሌግራም ቦት ሳይቀሩ። የሚያውቃቸውን ሮቦቶች ለይቶ ያወጣል፣ የማያውቃቸውን ግን እንደ ሰው ይቆጥራል። ሰንጠረዡ ላይ «ሂትስ» የሚለው ቁጥር ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶና የዲዛይን ፋይል ስለሚጨምር ለአንባቢ ብዛት ከቶ አይውልም። 1,900 ያሉት ከየትኛው ዓምድ እንደሆነ ይመልከቱ። ጉብኝት የሚያልቅበት ሰዓትም ይለያያል፤ ጉግል 30 ደቂቃ ምንም እንቅስቃሴ ካልተደረገ ጉብኝቱን ይዘጋል፣ ኤደብሊውስታትስ 60 ደቂቃ ይጠብቃል።

ጉግል የሚያሳንስበት ምክንያትም አለ። ብሬቭ ብሮውዘርና ማስታወቂያ ማገጃዎች ስክሪፕቱን ያግዱታል። ኦፔራ ሚኒ ዳታ በጣም በሚቆጥብበት አሠራሩ ገጹን በራሱ ሰርቨር አብስሎ ስለሚልክ ስክሪፕቱ ሁልጊዜ በአግባቡ አይሠራም። መስመሩ ደካማ ሲሆን ደግሞ አንባቢው የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ሲወጣ ስክሪፕቱ ገና አልወረደም።

በራሳቸው ዳታቤዝ የሚቆጥሩትም የራሳቸው ጉድለት አላቸው፤ ይህ በአገራችን ከሌላው በበለጠ ይጎላል። ኩኪ (ብሮውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥ መለያ) የማይጠቀሙ ቆጣሪዎች አንዱን ጎብኚ ከሌላው የሚለዩት በአይፒ አድራሻው (በኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር)ና ብሮውዘሩ ስለ ራሱ በሚናገረው መለያ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ አይፒ አድራሻ ይጋራሉ። ክሮም ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የአንድሮይድ ስልኩን ሞዴል መናገር አቁሟል፤ የየትኛውም ስልክ ክሮም «አንድሮይድ 10፣ ሞዴል ኬ» ብሎ ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው። እንግዲህ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ሰውና ታቦር ያለ ሌላ ሰው በአንድ አይፒ፣ በአንድ የክሮም እትም ከገቡ አንድ ጎብኚ ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው «ልዩ ጎብኚ» ከሚለው ቁጥር ይልቅ የገጽ እይታን ይመኑ የምንለው።

በገዛ እጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከየትም ሊንክ የሌለው አንድ አዲስ ገጽ ያውጡ፣ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡትም ያድርጉ። በሁለት ስልክ በአንድ ኩባንያ ሞባይል ዳታ፣ በአንድ ስልክ በዋይፋይ፣ በአንድ በኦፔራ ሚኒ፣ በአንድ በብሬቭ ይክፈቱት። አምስት እይታ ነው። በነጋታው እያንዳንዱ ቆጣሪ ስንቱን እንዳገኘ ይዩ፤ ጉግል መረጃውን አበጥሮ ለመጨረስ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድበት ስለሚችል እሱን ሁለት ቀን ይስጡት። ከዚህ በኋላ አንዱን ቆጣሪ ይምረጡና የራሱን ቁጥር ከራሱ ያለፈው ወር ቁጥር ጋር ብቻ ያወዳድሩ።

ሁለት ቆጣሪ አንድ ላይ ማኖር ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ አይደለም። በተለይ ሳይት ኪትና ሞንስተርኢንሳይትስ፣ ወይም ሳይት ኪትና ቴምዎ (የብሎግዎ የገጽታ ንድፍ)፣ ያንኑ የጉግል መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ካስገቡ እያንዳንዱ እይታ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ምልክቱ ይታወቃል። ጉግል አናሊቲክስ 4 አንድን ጉብኝት ተሳትፎ የነበረበት የሚለው ከ10 ሰከንድ ሲበልጥ፣ ወይም ዋና ብለው የመዘገቡት ድርጊት ሲፈጸም፣ ወይም ሁለት ገጽ ሲታይ ነው። እይታው ከተደገመ ሁሉም ጉብኝት ሁለት ገጽ ያየ ይመስላል፣ የተሳትፎው መቶኛ ወደ 100 ይጠጋል። ይህን ካዩ አይደሰቱ፤ የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍተው መለያ ቁጥሩ ስንት ቦታ እንደሚጫን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ «ሆስቲንጌ ሞልቷል ተባልኩ። ፎቶዎቼ ያን ያህል አይደሉም። ቆጣሪው ሊሆን ይችላል?» (ከመሃል ከተማ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ገብተው ሠንጠረዦቹን በመጠን ይደርድሩ። በስማቸው ውስጥ «ስታቲስቲክስ» ወይም «ማቶሞ» የሚል ያለባቸው ከላይ ከተደረደሩ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

የማጽዳቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ዳታቤዙን ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ፤ መጠባበቂያውን እዚያው ሆስቲንግ ላይ አያስቀምጡ፣ ቦታ የለም። ቀጥሎ ሆስቲንጉ ላይ የተከማቹ አሮጌ የባክአፕ ፋይሎችን አጥፍተው መተንፈሻ ይፍጠሩ። ከዚያ በፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ ከ180 ቀን በላይ የቆየውን መረጃ እንዲያጠፋ ያዝዙት። ሲጨርስ መጠኑ ያልቀነሰ ቢመስልዎ አይደንግጡ፤ ኢኖዲቢ የተባለው የሠንጠረዥ ዓይነት ረድፎች ቢጠፉም የያዘውን የዲስክ ቦታ ወዲያው አይለቅም። ሠንጠረዡን መርጠው «ኦፕቲማይዝ» ሲሉት እንደ አዲስ ይጻፍና ቦታው ይለቀቃል። ይህ ሥራ ለጊዜው ከሠንጠረዡ ጋር የሚቀራረብ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ባክአፖቹን አስቀድመው ያጥፉ ያልነው ለዚህ ነው።

ፕለጊኑን ከነጭራሹ ቢያስወግዱት እንኳ ሠንጠረዦቹ ብዙውን ጊዜ ይቀራሉ። ሌላ ቆጣሪ ከመጫንዎ በፊት የቀደመው ዱካ መጥፋቱን ይዩ።

ከዚሁ ጋር፣ አሮጌ መረጃን በራሱ እንዲያጠፋ ያዘዙት ፕለጊን የማያጠፋ ከሆነ የዎርድፕረስን ክሮን ይጠርጥሩ። ይህ የጊዜ ሠሌዳ የሚነሣው ሰው ገጽ ሲከፍት ነው፤ ሁሉም ገጽ ከካሽ ሲቀርብ ዎርድፕረስ ስለማይነሣ ሠሌዳው ይተኛል። ሲፓነል ውስጥ «ክሮን ጆብስ» ከሚለው ገብተው በየ5 ደቂቃው የዎርድፕረስን የክሮን ፋይል እንዲጠራ ያድርጉ። ኮኮ አናሊቲክስ ላይ ቁጥሩ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ በድንገት የሚዘልበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ «ሊንኮቼን ቴሌግራም ላይ ነው የማጋራው። ሪፖርቱ ግን አብዛኛው ሰው በቀጥታ የመጣ ነው ይላል። ቴሌግራም የለም ማለት ነው?» (ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አሉ፣ ስማቸው አልተጻፈም እንጂ። ቆጣሪው አንባቢው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ብሮውዘሩ የቀድሞውን ገጽ አድራሻ ሲያስረክበው ነው። ከስልክ መተግበሪያ ውስጥ ተነክቶ የተከፈተ ሊንክ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ይዞ አይመጣም። ቆጣሪው ምንጩን ሲያጣ «ቀጥታ» ብሎ ያልፋል። ፕለጊን ቢቀይሩም አይለወጥም።

መፍትሔው ሊንኩ ላይ የዩቲኤም ምልክት፣ ማለትም አንባቢው ከየት እንደመጣ የሚናገር ጭማሪ ጽሑፍ፣ ማከል ነው። ጉግል ለዚህ ያዘጋጀው ነጻ የዘመቻ ሊንክ መሥሪያ ገጽ አለ። ምንጭ በሚለው ቦታ ቴሌግራም፣ መንገድ በሚለው ሶሻል፣ ዘመቻ በሚለው የቻናሉን አጭር ስም ይጻፉ። ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ ይጻፉ፤ ጉግል አናሊቲክስ 4 ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ አንዱን ቻናል ሁለት አድርጎ ያሳይዎታል፣ በአማርኛ ከጻፉት ደግሞ አድራሻው ውስጥ ወደ ምልክቶች ዝርዝር ይቀየራል። በራስዎ ብሎግ ውስጥ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው በሚወስድ ሊንክ ላይ ይህን ምልክት ከቶ አያድርጉ። ከፍለጋ የመጣውን አንባቢ ምንጭ ሰርዞ በእርስዎ ምልክት ይተካዋል።

ጥያቄ፦ «ጉግል አናሊቲክስ አንባቢዎቼ የሚበዙት ጠዋት ነው ይላል፤ እኔ ግን አስተያየት የሚመጣልኝ ማታ ነው። ደግሞ ከሐዋሳ ማንም የለም፣ ሁሉም አዲስ አበባ ነው።» (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የሰዓቱ ነገር በአንድ ቅንብር ይፈታል። አካውንቱ ሲከፈት የሪፖርት ሰዓት ክልሉ በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ አቆጣጠር ቀርቶ ከሆነ፣ የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት እዚያ ከጠዋቱ 9 ወይም 10 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ሆኖ ይነበባል። በአድሚን ገጽ፣ በፕሮፐርቲው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ይምረጡ። የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው መረጃ ብቻ ነው፤ የቀየሩበት ቀን ግራፍ ቢዛባ አያሳስብዎ። በራሱ ዳታቤዝ የሚቆጥር ፕለጊን ካለዎት ደግሞ በዎርድፕረስ አጠቃላይ ቅንብር ውስጥ አዲስ አበባ የሚለውን ይምረጡ። ሪፖርቱ ላይ 20 ሰዓት ያለው የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን እያሰቡ ያንብቡ።

የከተማው ጉዳይ ግን በቅንብር አይፈታም። ከተማው የሚገመተው ከአይፒ አድራሻው ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ ስም ነው የሚታወቁት። ቪፒኤን የከፈተ አንባቢ ጭራሽ ሌላ አገር ሆኖ ይታያል። ለሐዋሳ ሱቅ ወይም ሆቴል ማስታወቂያ ሲሸጡ በከተማ ዝርዝሩ አይከራከሩ፤ የሐዋሳ ጽሑፎችዎ ስንት ጊዜ እንደታዩ ማሳየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «የጽሑፎቼ አድራሻ ሪፖርቱ ላይ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ብቻ ሆኖ ይታያል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ፕለጊኑ አማርኛ አይችልም?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ፕለጊኑ ጥፋት የለበትም። ርእሱን በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕረስ አድራሻውንም በአማርኛ ይሠራል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ነው፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባም እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ አድራሻ የሚፈቅደው 200 ምልክት ብቻ ነው። «በሐዋሳ ከተማ ለቤተሰብ የሚመቹ ምግብ ቤቶች» የሚለው ርእስ 22 ፊደልና 5 ሰረዝ፣ በድምሩ 203 ምልክት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው «ች» ይቆረጣል። አጀማመራቸው አንድ የሆነ ሁለት ረጃጅም ርእሶች ደግሞ ተቆርጠው አንድ ስለሚሆኑ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቁጥር 2 ይጨመርበታል፤ ሪፖርቱ ላይ ያምታታዎት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከእንግዲህ የሚጽፏቸውን ከማውጣትዎ በፊት አድራሻቸውን በላቲን ፊደል በሦስት ወይም በአራት ቃል ያሳጥሩ፤ ርእሱ በአማርኛ እንዳለ ይቀራል። የወጡትን ባይነኩ ይሻላል። ዎርድፕረስ የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ ቢመራም ጉግል አናሊቲክስ የአንዱን ጽሑፍ እይታ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያሳየው። እስከዚያው በጉግል ሪፖርት ውስጥ ከገጽ አድራሻ ይልቅ የገጽ ርእስ የሚለውን ዓምድ ይምረጡ፤ አማርኛው እንዳለ ይነበባል።